የዕቃው ምስክርነት፤ ቢስፌኖል ኤ በውሃና በምግብ ውስጥ ስለሚመረመርበት ዘዴ

(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)

በኢትዮጵያ ገጠር ወተት የሚናጥበት ቅል አስቀድሞ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ከዚያ ቅል የተቀዳውን እርጎ የቀመሰ ሰው የጭስ ሽታ ቢያገኝበት፣ ሽታው ከላሚቱ መጣ ብሎ አይናገርም። ላሚቱ ወተቷን ሰጠች፤ ሽታውን የሰጠ ግን ቅሉ ነው። ላሚቱ ምን በላች ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር የአገሩን ልማድ የማያውቅ እንግዳ ብቻ ነው። ዕቃ የተጣለበትን ነገር ዝም ብሎ የሚሸከም አይደለም፤ ከራሱ ለያዘው ነገር ያካፍላል። ይህ በየጓዳው የታወቀ ነገር በታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ተዘንግቶ ሊቃውንትን ያሳሳተበት፣ ከስሕተቱም ታላቅ ዕውቀት የተገኘበት ታሪክ አለ።

የዚህ ንግግር ርእስ ቢስፌኖል ኤ የተባለው ቅመም በምግብ፣ በውሃና በሰው ገላ ውስጥ መግባቱ የሚታወቅባቸው የምርመራ ዘዴዎች ናቸው። ርእሱ ሲሰማ ለኬሚስትሪ መምህር ብቻ የተገባ ይመስላል። ነገር ግን ውስጡ ሲገለጥ ማንኛውንም አስተማሪ የሚመለከት ቁም ነገር አለበት፤ ይኸውም መርማሪ ሌላውን ከመመርመሩ በፊት የራሱን እጅና የራሱን ዕቃ መመርመር ይገባዋል የሚለው ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይታወቅ።

ቢስፌኖል ኤ ከሁለት የፌኖል ሞለኪውሎችና ከአንድ የአሴቶን ሞለኪውል የሚሠራ ነጭ ጠጣር ነገር ነው፤ በስሙ መጨረሻ ያለው «ኤ» የሚለው ፊደልም አሴቶንን ያመለክታል። መጀመሪያ የሠራው የሩስያው ኬሚስት አሌክሳንደር ዲያኒን በ1891 ዓ.ም. እንደ ሆነ ይነገራል። ብዙ ዘመን ጥቅም ሳይገኝለት ከቆየ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. በሎንዶን ኤድዋርድ ቻርልስ ዶድስና ዊልፍሪድ ሎውሰን የተባሉ ሊቃውንት የኤስትሮጅንን፣ ማለት የሴትን ሆርሞን፣ ሥራ ሊሠሩ የሚችሉ ቅመሞችን ሲፈልጉ ቢስፌኖል ኤንም ፈተኑት። ኃይሉ ደካማ ቢሆንም የኤስትሮጅን ጠባይ እንዳለው አገኙ። ይሁን እንጂ ከእርሱ እጅግ የበረቱ ሌሎች ቅመሞች ወዲያው ስለ ተገኙ መድኃኒት ለመሆን አልበቃም።

በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመን የባየር ኩባንያ ኬሚስት ኸርማን ሽኔል፣ በአሜሪካም የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ኬሚስት ዳንኤል ፎክስ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ ከዚሁ ቅመም ፖሊካርቦኔት የተባለውን ፕላስቲክ አወጡ። ፖሊካርቦኔት እንደ መስተዋት ብርሃን ያሳልፋል፤ እንደ መስተዋት ግን በቀላሉ አይሰበርም። ስለዚህም ለሕፃናት ጡጦ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ለሚታየው የ20 ሊትር የውሃ ዕቃ፣ ለቤተ ሙከራ ዕቃዎችም ዋለ። ከዚሁ ቅመም የሚሠራው ኤፖክሲ የተባለው ቅብ ደግሞ የምግብ ቆርቆሮ እንዳይዝግ ውስጡ የሚለበጥበት ሆነ። በሙቀት የሚታተመው የደረሰኝ ወረቀትም ለብዙ ጊዜ በዚሁ ቅመም ሲሠራ ኖሯል። እንዲህም ሆኖ በ1936 ዓ.ም. እንደ ሆርሞን የተፈተነው ነገር ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ የማዕድ ዕቃ ሆኖ ተገኘ። የሕክምናው መጽሐፍ በአንድ መደርደሪያ፣ የፋብሪካው መጽሐፍ በሌላ መደርደሪያ ተቀምጠው ስለ ነበር ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ አልነበረም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። ፕላስቲክ ሁሉ ቢስፌኖል ኤ ያለበት አይደለም። ውሃ የሚቀዳበት ቢጫ ጄሪካን የሚሠራው ከፖሊኤቲሊን ነው፤ ሕዝቡ ሃይላንድ እያለ የሚጠራው ስስ የውሃ ጠርሙስም ፒኢቲ ከተባለ ሌላ ፕላስቲክ ነው፤ ሁለቱም ከቢስፌኖል ኤ የሚሠሩ አይደሉም። ከዕቃው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚታተመው 7 ቁጥር «ሌሎች» ለሚባሉት ፕላስቲኮች የተሰጠ ስለ ሆነ ፖሊካርቦኔትን ሊያመለክት ይችላል፤ ነገር ግን ከፖሊካርቦኔት ሌላ የሆኑትንም ስለሚጨምር ቁጥሩ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። በዓይን ማየት፣ በአፍንጫ ማሽተት፣ በምላስ መቅመስም አይረዳም። ምክንያቱም የሚፈለገው መጠን እጅግ ጥቂት ነው።

ጥቂት ሲባል ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ በምሳሌ ይገለጥ። በዚህ ሥራ የሚነገረው መለኪያ በአንድ ሊትር ውስጥ አንድ ማይክሮግራም ነው። አንድ ግራም ቅመም 20,000 ሊትር በሚይዙ 50 የውሃ ቦቴዎች ውስጥ እኩል ቢበተን፣ በእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው አንድ ማይክሮግራም ይሆናል። መርማሪው ከዚያ ውሃ አንድ ብርጭቆ ብቻ ተቀብሎ ቅመሙ አለ ወይም የለም፣ ካለም ይህን ያህል ነው ብሎ ቃሉን እንዲሰጥ ይጠየቃል። እንዲህ ባለው ፍለጋ ከመርማሪው ዕቃ የሚንጠባጠብ ኢምንት ነገር እንኳ ፍርዱን ሊገለብጠው ይችላል።

ይህም በእውነት የሆነ ነገር ነው። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በዴቪድ ፌልድማን የሚመሩ ተመራማሪዎች እርሾ ኤስትሮጅን ይሠራ እንደ ሆነ ለማወቅ ይደክሙ ነበር። እርሾው የሚያድግበትን ውሃ በፖሊካርቦኔት ዕቃ ውስጥ አድርገው፣ ተሐዋስያን እንዲሞቱ በአውቶክሌቭ፣ ማለት በታመቀ እንፋሎት፣ ይቀቅሉት ነበር። ቀጥለው ሲመረምሩት ኤስትሮጅንን የሚመስል ነገር በውሃው ውስጥ አገኙ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ እርሾ የሴት ሆርሞን ይሠራል የሚል ጽሑፍ ታትሞ በየአገሩ ይነበብ ነበር። እነርሱ ግን እርሾ ያልተጨመረበትን ባዶውን ውሃ በዚያው ዕቃ ቀቅለው መረመሩት። ኤስትሮጅን የሚመስለው ነገር በባዶውም ውሃ ውስጥ ተገኘ። እንግዲህ ሠሪው እርሾው አልነበረም፤ ዕቃው ነበር። ቅመሙን ደረጃ በደረጃ አጥርተው ማንነቱን ሲለዩት ቢስፌኖል ኤ ሆነ፤ መጠኑም በአንድ ሊትር ከ2 እስከ 3 ማይክሮግራም ነበር። ይህን በ1993 ዓ.ም. አሳተሙት። የእርሾው ነገር ቀርቶ የዕቃው ነገር ከዚያ ወዲህ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ።

በቦስተን በታፍትስ ዩኒቨርሲቲም አና ሶቶና ካርሎስ ሶነንሻይን ይህን የመሰለ ነገር ገጥሟቸው ነበር። ኤስትሮጅን ሲያገኙ ብቻ መባዛት የሚገባቸው የጡት ነቀርሳ ሕዋሳት ምንም ሳይሰጣቸው ይባዙ ጀመር። ምክንያቱ ሲፈለግ ኖኒልፌኖል የተባለ ሌላ ቅመም ከፕላስቲክ ቱቦዎቻቸው ሲወጣ ተገኘ፤ ይህም በ1991 ዓ.ም. ታተመ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በክሊቭላንድ በኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ሃንት የአይጦችን የዕንቁላል ሕዋሳት ስትመረምር፣ ከወትሮው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይታይ የነበረው የክሮሞሶም አሰላለፍ ጉድለት በድንገት ወደ 40 ከመቶ ከፍ አለ። ፍለጋው ብዙ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ እንደ ታወቀው የአይጦቹ የፖሊካርቦኔት ሣጥኖችና የውሃ ጠርሙሶች ለእነርሱ ባልተገባ ብርቱ የወለል ማጠቢያ ታጥበው ስለ ነበር ፕላስቲኩ ተጎድቶ ቢስፌኖል ኤ ይለቅ ነበር። ሃንትና ባልደረቦቿ ነገሩን በሙከራ ደግመው ካረጋገጡ በኋላ በ2003 ዓ.ም. አሳተሙት።

ከእነዚህ ታሪኮች ሁለት ነገር ይወጣል። የመጀመሪያው ሙቀትና አልካሊ የፖሊካርቦኔትን ሰንሰለት እየበጠሱ ቢስፌኖል ኤን ያወጣሉ ማለት ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን ይህን ያወቁት ሰዎች ያወቁት ባዶውን ዕቃ ስለ መረመሩ ነው። በምግብ ረገድም በ1995 ዓ.ም. በስፔን በግራናዳ ኒኮላስ ኦሌያና ባልደረቦቹ በቆርቆሮ የታሸጉ አትክልቶችን ፈሳሽ መርምረው ቢስፌኖል ኤ እንዳለበት ገለጡ። በቆርቆሮ የሚታሸግ ምግብ ከነቆርቆሮው በብርቱ ሙቀት ስለሚቀቀል፣ በስታንፎርድ በአውቶክሌቭ የሆነው ነገር በፋብሪካም ይሆናል ማለት ነው።

አሁን የምርመራው ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚካሄድ ይነገር።

አንደኛው ደረጃ ናሙና መውሰድ ነው። ናሙናው በመስተዋት ዕቃ ይያዛል፤ መስተዋቱም በንጹሕ አሟሚ ታጥቦ ወይም ከ400 ዲግሪ በላይ በጋለ ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ የቀደመ ርዝራዥ እንዳይኖርበት ይደረጋል። ከናሙናው ጎን ባዶ ናሙና አብሮ ይጓዛል። ባዶ ናሙና ማለት ቅመሙ የሌለበት ንጹሕ ውሃ ሆኖ፣ በዚያው ዓይነት ዕቃ፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አሟሚ፣ በዚያው መንገድ ሁሉ የሚያልፍ ውሃ ነው። በገበያ እህል የሚመዝን ሐቀኛ ነጋዴ ባዶውን ጆንያ አስቀድሞ መዝኖ ከጠቅላላው ክብደት እንደሚቀንስ ሁሉ፣ ባዶ ናሙናም የቤተ ሙከራው የራሱ ጆንያ ክብደት ነው። ደግሞም የጆንያው ክብደት ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው የሚለዋወጥ ከሆነ መቀነሱ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ባዶው ናሙና ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ይለካል፤ ከአማካዩ በላይ የመለዋወጡን ሦስት እጥፍ ያህል ያልጨመረ ውጤት እንደ ተገኘ አይቆጠርም። ባዶው 0.5፣ ናሙናው 0.6 ቢያሳይ፣ የ0.1 ልዩነት ስለ ውሃው ምንም አይመሰክርም።

ሁለተኛው ደረጃ ማጠራቀም ነው። ቅመሙ በብዙ ውሃ ውስጥ ተበትኖ ስለሚገኝ፣ ውሃው ልዩ ዱቄት በተሞላበት ትንሽ ቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ይደረጋል። ቢስፌኖል ኤ ውሃን ከመውደድ ይልቅ ቅባት መሰል ነገርን ስለሚወድ በዱቄቱ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በጥቂት ሜታኖል ይታጠባል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ የነበረው በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ይሰበሰባል። ይህ ቱቦ ራሱ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ የሚሠራ መሆኑ አይዘነጋ፤ ባዶው ናሙና በዚህም ማለፍ ያለበት ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ መለየት ነው። የተጠራቀመው ፈሳሽ ውስጥ ሌሎች መቶ ነገሮች አሉ። በክሮማቶግራፊ ዘዴ ፈሳሹ በብርቱ ግፊት በጠባብና በደቃቅ ዱቄት በተሞላ የብረት ቱቦ ውስጥ ይነዳል፤ ከዱቄቱ ጋር የሚፋቀር ቅመም ይዘገያል፤ የማይፋቀር ይቀድማል። ቢስፌኖል ኤ የሚወጣበት ደቂቃ በንጹሑ ቅመም አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በዚያ ደቂቃ የወጣው ነገር ይጠበቃል።

አራተኛው ደረጃ ማንነቱን ማረጋገጥና መጠኑን መለካት ነው። በርካሹ መንገድ የቢስፌኖል ኤ የብርሃን ጠባይ ይታያል። ዓይን የማያየው፣ የሞገዱ ርዝመት 275 ናኖሜትር ያህል የሆነ ብርሃን ሲያርፍበት፣ እርሱ ደግሞ 305 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ይመልሳል። ነገር ግን በዚያው ደቂቃ የሚወጣና በዚያው ብርሃን የሚያበራ ሌላ ቅመም ቢኖር ምርመራው ይታለላል። ስለዚህ ይበልጥ የታመነው ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ሞለኪውሉን በኤሌክትሪክ ሞልቶ በክብደቱ ይለየዋል። የቢስፌኖል ኤ ክብደት 228 ሲሆን አንድ ፕሮቶን ተነሥቶለት በ227 ይያዛል፤ ከዚያም በጋዝ ተመትቶ ሲሰበር 212 እና 133 የሚመዝኑ ስብርባሪዎች ይሰጣል። የሚወጣበት ደቂቃ፣ ሙሉ ክብደቱና የስብርባሪዎቹ ክብደት በአንድነት ሲገጥሙ በሦስት ምስክር ቃል እንደ ተረጋገጠ ነገር ይቆጠራል። በጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚሠሩ ቤተ ሙከራዎችም አሉ፤ በዚያ ግን ቅመሙ በቀላሉ እንዲተን አስቀድሞ ከሲሊኮን ውሁድ ጋር መጣመር አለበት።

በዚህ ሁሉ መንገድ ከቅመሙ ጥቂቱ መጥፋቱ አይቀርም። የጠፋው እንዴት ይታወቃል? ለዚህ የተገኘው ብልኀት የሚያስደንቅ ነው። በቢስፌኖል ኤ ውስጥ ከሚገኙት ካርቦኖች 12ቱ ከባድ በሆነው ካርቦን 13 ተተክተው ክብደቱ 240 የሆነ መንታ ቅመም ይሠራል። የታወቀ መጠኑ ገና ከመጀመሪያው በናሙናው ውስጥ ይጨመራል። መንታው በጠባዩ ሁሉ ከእውነተኛው ጋር አንድ ስለ ሆነ አንዱ በጠፋበት ሌላውም በዚያው ልክ ይጠፋል፤ መሣሪያው ግን በክብደታቸው ይለያቸዋል። ይህም ምልክት ያላቸውን ዐሥር በጎች ከመንጋው ጋር እንደ ማሰማራት ነው፤ ማታ ሰባቱ ብቻ ቢመለሱ ከመንጋውም ሦስት ዐሥረኛው እንደ ጠፋ እረኛው ይገምታል። ይሁን እንጂ መንታው የጠፋውን እንጂ ከውጭ የገባውን አይናገርም። በመንገድ የተቀላቀለ ባዕድ በግ የሚታወቀው በባዶው ናሙና ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ዘዴ ሌላውን አይተካም።

ከእነዚህ ሌላ ፈጣን ዘዴዎች አሉ። እንስሳ ባዕድ ነገር ሲገባበት በደሙ በሚፈጥረው መከላከያ ፕሮቲን ቅመሙን የሚይዝ ምርመራ በአንድ ቀን ብዙ ናሙና ይጨርሳል፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ የቢስፌኖል ኤን ዘመዶች ከእርሱ ጋር ያሳስታል። ቅመሙ በኤሌክትሮድ ላይ ኤሌክትሮን ሲሰጥ የሚታየውን ጅረት የሚለኩ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎችም ብዙ ተሞክረዋል፤ ሌሎች ፌኖሎችም ይህንኑ ስለሚያደርጉ መለየቱ ያስቸግራል። የሕዋሳትን መባዛት ወይም በረቀቀ ዘዴ የተዘጋጀ እርሾን የሚጠቀሙ ምርመራዎች ደግሞ የቅመሙን ስም ሳይሆን ሥራውን ይለካሉ፤ ይህ ውሃ የኤስትሮጅን ሥራ ይሠራል ይላሉ እንጂ ሠሪው እገሌ ነው አይሉም። እነዚህ ሁሉ ለመጠርጠር ይረዳሉ፤ ለመፍረድ ግን ማስ ስፔክትሮሜትሩ ይጠራል።

ዕቃው ራሱ ምን ያህል እንደሚለቅ ለማወቅ ሲፈለግ የማስለቀቅ ፈተና ይደረጋል። በአውሮፓ ሕብረት ደንብ ለጎምዛዛ ምግብ ምትክ 3 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ ለውሃማ ምግብ 10 በመቶ አልኮል፣ ለወተት መሰሉ 50 በመቶ አልኮል፣ ለቅባታማውም የአትክልት ዘይት በዕቃው ውስጥ ይፈሳል፤ ዕቃው በአገልግሎቱ እንደሚገጥመው ሙቀትና ጊዜ ይቆያል፤ ከዚያ ፈሳሹ ይመረመራል። ደጋግሞ የሚያገለግል ዕቃ ሦስት ጊዜ ይፈተናል፤ አዲስ ጡጦና መቶ ጊዜ የተቀቀለ ጡጦ አንድ አይደሉምና።

በሰው ገላ ውስጥ የሚደረገው ምርመራ ከሁሉ የከበደ ነው። ከምግብ ጋር የገባውን ቢስፌኖል ኤ ጉበት ግሉኩሮኒክ አሲድ ከተባለ ስኳር መሰል ነገር ጋር አጣምሮ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሽንት እንዲወጣ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ለመርማሪው ትልቅ ስጦታ ሰጥታዋለች። ፕላስቲክ የሚለቀው ያልተጣመረውን ቅመም ብቻ ነው፤ የተጣመረውን የሚሠራ ሕይወት ያለው ገላ ነው። ስለዚህ በሽንት ውስጥ የተጣመረው ከተገኘ፣ ቅመሙ በእውነት በሰውየው ገላ አልፏል፤ ከመርማሪው ቱቦ የመጣ ነው ሊባል አይችልም። በደም ውስጥ ያልተጣመረው ብቻ በብዛት ከተገኘ ግን ቱቦውና መርፌው አስቀድመው ሊጠረጠሩ ይገባል።

በአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት ጀምሮ ከሆኑ 2,517 ሰዎች የተወሰደውን ሽንት መርምሮ በ92.6 በመቶው ቢስፌኖል ኤ እንዳለ አሳውቋል። ዘዴው ተዘዋዋሪ ነበር፤ ይኸውም የተጣመረውን በኤንዛይም አፋትቶ ጠቅላላውን በአንድነት መለካት ነው። በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ሮይ ጄሮና፣ ፍሬድሪክ ቮም ሳልና ፓትሪሺያ ሃንት የተጣመረውን ሳያፋቱ በቀጥታ ለክተው፣ ቀጥተኛው ዘዴ ከተዘዋዋሪው ከዐሥር እጥፍ በላይ የሚሆን መጠን እንዳሳያቸው አሳተሙ። ኤንዛይሙ ሁሉንም አያፋታም፤ ስለዚህ የሰው ተጋላጭነት ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ሲነገር ኖሯል የሚል ክስ ነው። ነገሩ በሊቃውንት መካከል ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ ግን ስለ ቅመሙ ብቻ ሳይሆን ስለ መለኪያው ነው፤ ሚዛኑ ካልተስማማ ፍርዱ ሊስማማ አይችልምና።

ፍርዱም እንዳልተስማማ ሕጎቹ ይመሰክራሉ። የአውሮፓ ሕብረት ከቢስፌኖል ኤ የሚሠሩትን የሕፃናት ጡጦዎች በ2011 ዓ.ም. ከለከለ። በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትም አምራቾቹ ራሳቸው ስለ ተዉት ከጡጦ አስወጣው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለ ሥልጣን አንድ ሰው ያለ ስጋት በየቀኑ ሊወስደው ይችላል ያለውን መጠን በ2015 ዓ.ም. ለአንድ ኪሎ ክብደት 4 ማይክሮግራም ብሎ ነበር፤ በ2023 ዓ.ም. ወደ 0.2 ናኖግራም አወረደው። ይህ ከቀድሞው 20,000 ጊዜ ያነሰ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 12 ናኖግራም ማለት ነው፤ በዚህ ስሌት አንድ ግራም ከ80 ሚሊዮን ለሚበልጡ ሰዎች የአንድ ቀን ድርሻ ይሆናል። የጀርመን የአደጋ ግምገማ ተቋም በዚያው ዓመት በዚህ ሳይስማማ አንድ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ሌላ መጠን አቀረበ። ሕብረቱ ግን በታኅሣሥ 2024 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ቅመሙን ከምግብ ጋር ከሚነካኩ ዕቃዎች እንዲወጣ ወሰነ፤ ደንቡም በጥር 2025 ዓ.ም. ጸንቶ የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጠው። ለመጠጥ ውሃም በአንድ ሊትር 2.5 ማይክሮግራም የሚል ወሰን ቀደም ብሎ አውጥቷል።

የተፈቀደው መጠን እየወረደ በሄደ ቁጥር የመርማሪው ሸክም እየከበደ ይሄዳል። በማይክሮግራም ሲፈለግ ያልታየ የዕቃ ጉድፍ በናኖግራም ሲፈለግ ተራራ ይሆናል። ከዚህም ሌላ አምራቾች በቢስፌኖል ኤ ፈንታ ቢስፌኖል ኤስና ቢስፌኖል ኤፍ የተባሉትን ዘመዶቹን መጠቀም ጀምረዋል። 227 ክብደትን ብቻ እንዲጠብቅ የታዘዘ መሣሪያ በደጁ የሚያልፈውን 249 ክብደት፣ ማለት ቢስፌኖል ኤስን፣ አያይም። «ቢስፌኖል ኤ የለበትም» የሚል ጽሑፍ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ እውነት መሆኑን ግን የሚወስነው መርማሪው ምን ተብሎ ተጠየቀ የሚለው ነው።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ማስ ስፔክትሮሜትር በትምህርት ቤት አይገኝ ይሆናል። የምርመራው መንፈስ ግን በማንኛውም ክፍል ሊሰጥ ይችላል። የብር ናይትሬት ጥቂት ጠብታ ባለበት ትምህርት ቤት መምህሩ ሁለት ብርጭቆ ያዘጋጅ፤ አንዱን በቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን በተጣራ ውሃ ያለቅልቅ፤ በሁለቱም ውስጥ ንጹሕ የተጣራ ውሃ ጨምሮ ጠብታውን ያድርግባቸው። በቧንቧ ውሃ የተለቀለቀው ሊደፈርስ ይችላል፤ ተማሪውም በተጣራው ውሃ ውስጥ ጨው አገኘሁ ይላል። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ምን አልክ ተብሎ ይጠየቅ። ያን ቀን የተማረው ነገር የጨው ምርመራ ብቻ አይሆንም።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት የተነገረው ለባልቴት ብቻ አይደለም። የሌላውን ምንጭ ተበክሏል ብሎ ለመክሰስ የተነሣ ቤተ ሙከራ የራሱን ቱቦ ካልመረመረ ተረቱ ለእርሱም ይሆናል። በስታንፎርድ የነበሩት ሰዎች ክብር ያገኙት ለእርሾው ባላቸው ግምት ሳይሆን ግምታቸውን በባዶ ውሃ ስለ ፈተኑት ነው። የሕፃናት ጡጦ ነገር በሸንጎ እስከ መነጋገሪያነት የደረሰው እንደዚያ ባለ አንድ ብርጭቆ ባዶ ውሃ ነው። ተማሪን በእጁ ያለውን መልስ ከመውደዱ በፊት እንዲጠረጥረው ያስተማረ መምህር፣ መርዝን ከማዕድ ለማራቅ የራሱን ድርሻ አበርክቷል።